አሥራ ስድስት ገጽ የጎደለው ፍርድ

ሰው አንድን መጽሐፍ አልወደድኩትም ቢል አልቆጣም። ሳያነብ ሲፈርድ ግን ደሜ ይፈላል። ይህን የምለው በቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስለሚሰበሰበው የአንባቢዎች ማኅበር ነው። ሰባት ነን። አዲስ የወጣ ልብ ወለድ እየመረጥን እናነባለን፤ እንከራከራለን፤ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ቢነበቡ» የምንላቸውን አሥር ልብ ወለዶች በወረቀት አትመን በሩ ላይ እንለጥፋለን። ወረቀቷን እንደ ቀላል ነገር አትዩአት። የከተማው ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎቻቸው መጽሐፍ የሚመርጡት ከእሷ ላይ ነው። እዚያ የገባ ይነበባል፤ ያልገባ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ይቀራል።

አንድ ልማድ አለን። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ የምንገዛው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የኋለኛው ሽፋን ውስጥ ነጭ ወረቀት ይለጠፋል፤ አንብቦ የጨረሰ ሁሉ አስተያየቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ሲታሰብ ጥሩ ነገር ይመስል ነበር። ውጤቱ ግን ሁለተኛው አንባቢ ከመጽሐፉ በፊት የመጀመሪያውን አንባቢ ማንበቡ ሆነ። ስድስተኛው ጋ ሲደርስማ መጽሐፉን መክፈትም አያስፈልግም፤ አምስት ሰው ያለውን አይቶ መፈረም ነው።

ሁለት ሕጎችም አሉን። ያልጨረሰ አይናገርም። የደራሲው ዘመድ መናገር ይችላል እንጂ ወረቀቱ ላይ አይጽፍም፤ ድምፅም አይሰጥም። ሁለተኛው ሕግ እኔን የነካኝ የታላቅ እህቴ ልብ ወለድ ተራው በደረሰ ጊዜ ነው።

እህቴ አዋላጅ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ፣ በሃምሳ ዓመቷ የበኩር ልጇን ወለደች እያልን እንቀልዳለን፤ ልብ ወለዱን ማለታችን ነው። ታሪኩ በክር ፋብሪካ ስለምትሠራ የሦስት ልጆች እናት ነው። እናቲቱ አንድ ጠዋት በሩን ከፍታ ትወጣለች፤ ከዚያ አትመለስም። ልጆቹ አንዱ ሌላውን እያሳደገ ይኖራሉ።

ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። የመጀመሪያው አንባቢም ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው፤ ማንም መርጧቸው ሳይሆን፣ መጽሐፉ ተገዝቶ ሲመጣ ቀድመው እጃቸውን ስለሚዘረጉ ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «እናቲቱ ያለ በቂ ምክንያት ልጆቿን ጥላ ትሄዳለች፤ ደራሲዋ መሃል ላይ ደክማለች።» ከሥራቸው ፋርማሲስቷ፦ «ዳኛው እንዳሉት ነው፤ ጨካኝ እናት።» ልብስ ሰፊው፦ «አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ መሃሉ ተበጣጥሷል።» «ዘመናዊው» የምንለው የዩኒቨርሲቲ ወጣት መምህር፦ «ተቆርጦ የቀረው ዓረፍተ ነገር የዘመኑ ድንቅ ስልት ነው፤ አንባቢውን ገደል አፋፍ ላይ ያቆመዋል።» የመጨረሻዎቹ ሁለት የፖስታ ቤት ባልደረቦች ናቸው። ሁለቱም «እስማማለሁ» ብለው ፈርመዋል። ከወቀሳው ጋር ይሁን ከሙገሳው ጋር፣ እነሱም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ስብሰባው የዋለ ዕለት ገና ከመቀመጤ ልብስ ሰፊው ጀመረኝ። «ክብሪት፣ ዛሬ እንዳትጫርብን።»

ክብሪት ያሉኝ ቶሎ ስለምቀጣጠል ነው።

«እህቴ ስለሆነች አይደለም» አልኩ። «ማንም ቢሆን ሳይነበብ ሲፈረድበት እጫራለሁ።»

«ማነው ያላነበበው?» አሉ ዳኛው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «እኔ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ወጣች። ለምን? መልስ የለም። ችሎት ላይ ቢሆን መዝገቡን እዘጋው ነበር።»

«ክቡር ዳኛ፣ ሕይወት መቼ ነው ምክንያቷን በጽሑፍ የምታቀርበው? አባት ጥሎ ሲሄድ ‘ጥልቅ ገጸ ባሕርይ’ እያልን ስናጨበጭብ ኖረናል። እናት ስትሆን ማስረጃ እንጠይቃለን! ምክንያት አለመኖሩ ራሱ ነው ምክንያቱ!»

«ይሄ ነው!» አለ ዘመናዊው ጠረጴዛውን እየመታ። «ባዶነቱ ነው ውበቱ!»

ፋርማሲስቷ ወደ ሻይ ብርጭቆዋ ጎንበስ ብላ፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ግማሽ ሰዓት ተናገርኩ። ስለ ፍርደ ገምድልነት፣ ስለ ሰነፍ አንባቢ፣ ስለ ወረቀቱ ልማድ፤ የቀረኝ አልነበረም። ድምፅ ሲሰጥ መጽሐፉ አምስት ለአንድ ተጣለ። ለእህቴ እጁን ያወጣው ዘመናዊው ብቻ ነው። እኔ ዘመድ ነኝና ድምፅ የለኝም።

ከዚያ በቀጥታ እህቴ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ሄድኩ። ማዋለጃ ክፍሉ ጎን ባለው መታጠቢያ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ስትታጠብ አገኘኋት።

«እንዴት ሆነ?» አለች ሳትዞር።

«ጣሉት፣ እትዬ። ግን ልክ ልካቸውን ነገርኳቸው።»

«ምኑን ነው ያልወደዱት?»

«እናቲቱ የሄደችበት ምክንያት አይታይም ነው የሚሉት።»

ቧንቧውን ዘጋችው። «ሁሉም?»

«ከአንዱ በቀር ሁሉም። እሱም ምክንያት አለመኖሩን ወዶት ነው።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ሕይወት ምክንያት የላትም አልኳቸው። ምክንያት አለመኖሩ ራሱ ነው ምክንያቱ ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው!»

ፎጣውን ይዛ ቆመች። ውሃው ከክርኗ እየተንጠባጠበ ጫማዋ ላይ ያርፋል።

«አንተም ምክንያት የለውም አልካቸው?»

«አዎ! ምን ይመልሱ!»

«እሺ» አለች። ምስጋናዋ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ቆይታ አንድ ነገር ነገረችኝ። ልብ ወለዱ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው፤ እሷም አዲስ ምዕራፍ ጨምራ ለማተሚያ ቤቱ ሰጥታለች። ምዕራፉ እናቲቱ ለልጆቿ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። አሳየችኝ። በአንዲት ገጽ ላይ «ይቅር በሉኝ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። እህቴ የምትጽፈው እንዲህ አይደለም። ሴትዮዋን በገዛ መጽሐፏ ውስጥ አንበርክካ ታስለምናታለች።

«ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?»

«አንባቢ ካልገባው ጥፋቱ የጻፈው ሰው ነው» አለች። «ያሰብኩትን ያህል አልጻፍኩትም ማለት ነው። ማክሰኞ ማተም ይጀምራሉ።»

«እነዚያ ጨካኞች!» አልኩ። ማኅበርተኞቼን መሆኑ ነው።

ማክሰኞ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ ጠራዡ ደወለልኝ። ጠራዡ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተገነጠሉ መጻሕፍት የሚጠግን አዛውንት ነው። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ መርፌና ሰም የተቀባ ክር ተሰቅሏል።

«የእህትህ መጽሐፍ ጀርባው ለቆ መጣልኝ» አለ ስገባ። «ስንት ሰው አነበበው ብለኸኝ ነበር?»

«ስድስት፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ ተመልከት። መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል አይሰፋም። አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ አንድ ላይ ይታጠፍና እጥፍ በእጥፍ ይሰፋል። እኔ ከመነካካቴ በፊት እጥፉን እቆጥራለሁ፤ አባቴም ይቆጥር ነበር። ይኸው ዘጠነኛው እጥፍ፤ መጨረሻው መቶ አርባ አራት። ይኸው ቀጣዩ።» ጥፍሩን ግርጌው ላይ ባለው ቁጥር ላይ አሳረፈ። መቶ ስልሳ አንድ ይላል።

«አሥረኛውስ?»

«የለም። ተገንጥሎ ቢሆን ክሩ ይላላ ነበር። ይሄ ከማተሚያ ቤት ሲወጣም አልነበረውም።»

የመቶ አርባ አራተኛው ገጽ የመጨረሻ መስመር «እናቲቱ በሩን ከፍታ ወደ ተኙት ልጆቿ ዞር አለችና» ይላል። ማዶ፣ መቶ ስልሳ አንድ ላይ፣ «የታናሽ እህቷን ፀጉር እያበጠረች ‘ትመጣለች’ አለቻት» ብሎ ይቀጥላል። የዘመኑ ድንቅ ስልት ይህ ነበር። ገደል አፋፉ ይህ ነበር። ዳኛው ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት ይህንን ነው!

«አንድም ሰው ቁጥሩን አላየም?» አለ ጠራዡ። ቅር ያለው ይመስል ነበር እንጂ አልተገረመም።

መንገዱን በንዴት አቋረጥኩት፤ ሁለት ሹፌሮች ሰደቡኝ፤ እኔም መለስኩላቸው። ቤቴ እንደገባሁ ከመደርደሪያው ላይ የራሴን ቅጂ አወረድኩ። እህቴ መጽሐፉ የወጣ ዕለት የሰጠችኝ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ በእጇ «ለወንድሜ፣ ለመጀመሪያው አንባቢዬ» ብላ ጽፋበታለች። መቶ አርባ አምስትን ልፈልግ ስገልጥ ጣቴ አንድ ነገር አገኘ። የአውቶቡስ ቲኬት ነው። ገጽ ሰባ ሁለት ላይ ለምልክት ያስገባሁት ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ቅጠሎች እርስ በርስ እንደተጣበቁ ናቸው።

እህቴን «ጨረስኩት፣ እንባዬ መጣ» ብያት ነበር።

እርማት ነበረብኝ። ታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ የአራት ክፍል ፈተና ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሎ ነበር። ደግሞም ስለ ንባብ ባህል መዳከም ለጋዜጣ የምጽፈው ጽሑፍ ነበረብኝ። ምክንያት ሞልቶኛል።

አሥራ ስድስቱን ገጾች ቆሜ አነበብኳቸው። እናቲቱ ከሥራ እንዳትባረር እርግዝናዋን በፋብሪካው ካፖርት ስር ደብቃ ኖራለች። ያን ጠዋት ምጧ ይመጣል። ልጆቿን ሳትቀሰቅስ ሆስፒታል ትሄዳለች፤ አልጋ የለም፤ ኮሪደር ላይ፣ ጠባብ አግዳሚ ወንበር ላይ ትወልዳለች። ልጁ አያለቅስም። አንዲት ጸሐፊ ወረቀት ይዛ መጥታ «ስሙን ማን ልበል?» ትላታለች። ከሰዓት በኋላ እናቲቱ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተቀምጣለች። ወተቷ መጥቶ ቀሚሷን አርሶታል። ወደ ቤቷ የሚወስደው አውቶቡስ ሲመጣ ትነሣለች፤ ሦስቱ ልጆች በር ላይ ሮጠው «ምን አመጣሽልን?» እንደሚሏት ታስብና ተመልሳ ትቀመጣለች። ቀጥሎ የመጣው አውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ነበር።

ምክንያት አለመኖሩ ራሱ ነው ምክንያቱ ብዬ ነበር።

ያኔውኑ ወደ እህቴ የሄድኩ ይመስላችኋል? አልሄድኩም። በሌላ ሰው መናደድ ይቀላል። ስልክ ደወልኩና «እትዬ፣ ቅዳሜ ማኅበሩ ጋ ነይ። ጉዳቸውን ታያለሽ» አልኳት። ቅዳሜ የዓመቱ ዝርዝር የሚለጠፍበት ቀን ነው። ከመለጠፉ በፊት ሁሉንም በአንድ ጥይት ልመታቸው አስቤ ነበር።

መጣች። የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ላይ ወፍራም ቡናማ ፖስታ ይዛለች። ዳኛው ዝርዝሩን ይዘው ሙጫውን ሲከፍቱ ተነሣሁ። ከጠራዡ የተቀበልኩትን የማኅበሩን ቅጂና የራሴን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ጣልኳቸው።

«ገጽ መቶ አርባ አራትን ግለጡ! ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡልኝ! ስድስት ሰው ፈርሟል፤ አንድም ሰው መቁጠር አልቻለም!»

መጽሐፉ በእጅ በእጅ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም የምር ሲያዩት አየሁ። ፋርማሲስቷ ቀላች። «እኔ እኮ ክኒን ሁለት ጊዜ ሳልቆጥር ለሰው አልሰጥም» አለች፤ ለራሷ የምትነግር ነበር የሚመስለው።

«መሃሉ ተበጣጥሷል አላልኩም?» አለ ልብስ ሰፊው። «የስፌት ነገር ከእኔ አያመልጥም!»

«አንተ ዝም በል!» አልኩት።

ዘመናዊው ጺሙን እያሻሸ፣ «ሆኖም ማተሚያ ቤቱ ሳያውቅ የፈጠረው ስልት ነው ማለት ይቻላል» ሲል አንዱ የፖስታ ቤት ባልደረባ «እስማማለሁ» አለ። ከልማድ ይመስለኛል።

«እና አሁን» አልኩ፣ «ይህ መጽሐፍ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል! ያ ወረቀት ይቀደዳል! እሷንም እዚሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ!»

ዳኛው ሙጫውን መልሰው ከደኑ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ይሄ ሙሉው ቅጂ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ አንተ ጋ ነው?»

«መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ።»

«ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ እኔ ምክንያት የለም ስል፣ አንተ ‘ገጽ መቶ አርባ አምስት ላይ አለ’ አላልከኝም። ‘ምክንያት አለመኖሩ ራሱ ነው ምክንያቱ’ አልክ። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጽፏል። ግማሽ ሰዓት ተናግረሃል። አንብበኸው ነበር?»

ረስቼው ነው ማለት ይቻላል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ወደ በሩ ዞርኩ። እህቴ አፌን እያየች ነው፤ ምጥ የያዛትን ሴት እንደምታይ፣ ሳትቸኩል።

«አላነበብኩትም» አልኩ። «ሰባ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው ያቆምኩት።»

የሳቀ የለም። ፋርማሲስቷ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» አለች።

«ያልጨረሰ አይናገርም» አሉ ዳኛው። «ሕጉን ጥሰሃል። ከዛሬ ጀምሮ የማኅበሩ አባል አይደለህም።»

«እሺ፣ እኔን አባሩኝ! እናንተስ ጨርሳችኋል? አሥራ ስድስት ገጽ ይቀራችኋል!»

«እኛ የተሰጠንን ጨርሰናል። ዝርዝሩን ትምህርት ቤቶቹ ዛሬ ይጠብቁታል። የመጽሐፉን ጉዳይ በመጪው ዓመት እናየዋለን።»

የተሰጠንን ጨርሰናል! እኚህ ሰው ስንት ዓመት በዚህ አነጋገር መዝገብ ዘግተው ይሆን? እጄን አንሥቼ ገና ልጮህ ስል እህቴ ተነሣች።

«ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል እሰማ ነበር። እነሱ ምክንያት የለም ሲሉ አላመንኳቸውም ነበር እኮ። ያመንኩት አንተም እንዲያ አልኳቸው ስትለኝ ነው። እሱ ሙሉውን አንብቦ ካልታየው የለም ማለት ነው ብዬ ሴትዮዬን ደብዳቤ አስጻፍኳት።»

 

ወደ ጠረጴዛው መጣች። «ዝርዝራችሁን እንደፈለጋችሁ አድርጉት» አለች ዳኛውን። «ይሄን ወረቀት ግን እወስደዋለሁ። ጨካኝ ብላችሁ የፈረማችሁት ያላያችኋት ሴት ላይ ነው።» የመጽሐፉን የኋላ ሽፋን ከፍታ፣ በጥፍሯ ጫፍ ይዛ ወረቀቱን ሳትቀድድ ቀስ ብላ ላጠችው። ዳኛው «የማኅበሩ ንብረት ነው» ሊሉ ጀመሩና ቃሉን ሳይጨርሱት ተዉት። ፋርማሲስቷ ሙሉውን ቅጂ ወደ ራሷ ስባ መቶ አርባ አምስትን ገለጠች፤ ስንወጣ ቀና አላለችም።

ዝርዝሩ ግን ተለጠፈ። ሙጫው ሳይደርቅ በአጠገቡ አለፍን። አሥር መጻሕፍት፤ የእሷ የለበትም። ልገነጥለው እጄን ስዘረጋ እህቴ እጄን ያዘችኝና ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ መራችኝ። እየወረደች ስልክ ደወለች።

«ማተሚያ ቤት? አዎ፣ እኔ ነኝ። ደብዳቤውን አውጡት። ሙሉ ምዕራፉን። አይ፣ ምንም አልተካም፤ የድሮው እንዳለ ይሁን። ሴትዮዋ ይቅርታ አትጠይቅም። ደግሞ እባካችሁ እጥፉን ቁጠሩት።»

ጠራዡ መርፌው ውስጥ ክር ሲያስገባ ደረስን። እህቴ ቡናማውን ፖስታ ፊቱ አስቀመጠችለት። የሁለተኛው ልብ ወለዷ ረቂቅ ነው፤ እኔ እንኳን መጀመሯን አላውቅም ነበር።

«መጀመሪያ እርስዎ እንዲያዩልኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ልብ ወለድ አላነብም፣ ልጄ» አለ ደንግጦ። «ገጽ ነው የምቆጥረው።»

«እሱው ይበቃኛል።»

እኔም እጄን ዘረጋሁ። ወንድም አይደለሁ? እህቴ ፖስታውን ከእጄ አርቃ ወደ ጠራዡ ገፋችው።

«አንተ ሰባ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነህ» አለችኝ። ሰዓቷን አይታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቅጂዬ ፎቅ ላይ፣ ፋርማሲስቷ እጅ ቀርቷል። እሷ እስክትጨርስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከሥሬ ጠራዡ ጣቱን በምራቁ እያረጠበ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ይሰማኛል።